መቀመጥ ያልቻለው ሽማግሌ

አቶ ቢያዝን ከተቀመጡበት ብድግ ካሉ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው ይባል ነበር። ከጣና ዳር እስከ መራዊ የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ያወራሉ። ሰውየው በባሕር ዳር በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተኳረፈ ያገናኛሉ፣ ልጅ ለመጠየቅም ሽማግሌ ሆነው ይላካሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። መቆጣት አያውቁበትም። ይሁን እንጂ በቁጣቸው ነው ስማቸው የወጣው።

ነገሩ የተጀመረው ቆጋ ላይ ነው። ሁለት አማቾች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው የአንዱ ድንች ሲደርቅ የሌላው ስንዴ በውሃ ተጥለቀለቀ። አቶ ቢያዝን ተጠርተው ሄዱ። ከቀትር ጀምሮ ሲያከራክሩ ቆይተው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሳይታሰብ ብድግ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፊታቸውን ቋጥረው፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይመላለሱበት ጀመር። ሁለቱ ባላንጣዎች ተያዩ።

«ጋሽ ቢያዝን ተቆጡ» አለ አንደኛው በሹክሹክታ።

«ኧረ ይቀመጡልን» አለ ሁለተኛው ጮክ ብሎ።

«አልቀመጥም!» አሉ አቶ ቢያዝን። እውነታቸውን ነው፤ መቀመጥ አልቻሉም። ሰዎቹ ግን «ካልታረቃችሁ አልቀመጥም» እንዳሏቸው ቆጥረው እዚያው ተሳሳሙ። የውሃው ተራ በዚያው ሰዓት ተከፋፈለ፤ ማታውን ወሬው መራዊ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሽምግልናው በዛ። ሰው ሁሉ ጉዳዩን ወደ ማምሻው ያደርግላቸው ጀመር፤ ሲመሽ ነዋ የሚነሡት።

የነገሩን እውነት የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ብቻ ነበሩ። አቶ ቢያዝን አልጋ ላይ ጋደም ሲሉ እግራቸው መፈራገጥ ይጀምራል። እንቅልፍ ቢወስዳቸው እንኳ እግሩ አይተኛም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ አንድ ዓመት ሙሉ ቅልጥማቸውን ሲረገጡ ከኖሩ በኋላ ትራሳቸውን ታቅፈው ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ወደ ተወችው ክፍል ተዛወሩ።

«አንተ ሰው፣ ቀን የሰው ጠብ ታበርዳለህ፤ አልጋ ላይ ግን ራስህ ጦርነት ነህ» አሉ ሲወጡ።

«ምን ላድርግ? እግሬን ቆርጬ ልጣለው?»

«መጀመሪያ ምን እንደሚሰማህ ንገረኛ!»

ችግሩ እሱ ነበር። አቶ ቢያዝን የሰውን በደል እንደ ክር አፍታተው የሚያስረዱ ሰው የራሳቸውን እግር ማስረዳት አቃታቸው። አያምም። አያሳክክም። አይደነዝዝም። «አምቦ ውሃ ተከፍቶ ቅልጥሜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ነው» አሉ በመጨረሻ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩና በሩን ዘጉ።

ያልሞከሩት ነገር የለም። ቅልጥማቸውን በነጠላ ጠፍረው አሰሩ። በቅቤ አሹ። አንድ ቅዳሜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ግማሽ ቀን ሲዘፈዘፉ ዋሉ፤ እግራቸው እዚያ እያለ እንደ ሕፃን ልጅ ለጥ ብሎ ተኛ። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ነቃ። ጉልበታቸው የፊተኛውን ወንበር ይጎሽም ጀመር። ከፊት የተቀመጡት ሴት ሦስት ጊዜ ዞረው አዩዋቸው፤ በአራተኛው «ወንድሜ፣ ጉዳይ ካለህ በአፍህ ንገረኝ» አሏቸው። አቶ ቢያዝን በኀፍረት ከተማ ሳይደርሱ «ወራጅ!» ብለው ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ጨረሱት። በእግር ሲሄዱ ደግሞ ደኅና ናቸው፤ ምንም የላቸውም።

አንድ ጎረቤት «እኔን እንደ ግንድ ነው የሚጥለኝ» ያሏቸውን እንቅልፍ ይሰጣል የተባለ ክኒንም ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዝተው መዋጥ ጀመሩ። ዓይናቸውን ጣለው። እግራቸው ግን ይብሱን በረታ።

እንዲህ እያሉ ሳለ የግሩም ጉዳይ መጣ። ግሩም በፋብሪካው አብሯቸው የሚሠራ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። ተወልዶ ያደገው ሐዋሳ ነው፤ እዚህ ዘመድ ስለሌለው አቶ ቢያዝንን እንደ አባት ይዟቸዋል። የሚወዳት ልጅ ዜማ ትባላለች፤ የዘጌ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ባምላክ ቡና አብቃይ ናቸው። አንድ እሑድ አቶ ቢያዝን፣ የነፍስ ወዳጃቸው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን እና ከሐዋሳ የመጡት የግሩም አጎት ነጭ ለብሰው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ።

አቶ ባምላክ ደንበኛ አስተናጋጅ ናቸው፤ ጥፋታቸው ንግግር መውደዳቸው ነው። እንግዶቹን አስቀምጠው የአያት ቅድመ አያታቸውን የዘር ሐረግ ዘረዘሩ። ከዚያ ወደ ቡናቸው ዛፎች ዞሩና የእያንዳንዱን ዕድሜ ተናገሩ። ጊዜው ወደ ማምሻው ገባ። አቶ ቢያዝን እግራቸው ውስጥ የተለመደው ነገር ሲነሣ ተሰማቸው። ጣታቸውን ጫማቸው ውስጥ ጨበጡ። ጭናቸውን በኩታቸው ሥር ቆነጠጡ። መሪጌታ በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ታገሥ» አሏቸው በጥርሳቸው መሀል።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ባምላክ ድምፃቸውን አሳምረው፣ «ልጄ ዜማን...»

አቶ ቢያዝን ብድግ አሉ። ብድግ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄዱ።



«ንግግሬ ረዘመብዎት?» አሉ አቶ ባምላክ።

«ኧረ የለም! እግሬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እግርዎ ብቻውን ነው ወደ በር የሚሄደው?»

አቶ ቢያዝን ደንግጠው ተመልሰው ተቀመጡ። መቀመጣቸው ባሰ። ቀኝ እግራቸው ሳይጠየቅ ተፈናጥሮ በፊታቸው የነበረውን በርጩማ መታው፤ በርጩማው ላይ የነበረው የብርዝ ብርሌ ተገልብጦ ሙሉውን በአቶ ባምላክ አዲስ ጋቢ ላይ ፈሰሰ።

አቶ ባምላክ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጁን አልጠላሁትም» አሉ ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ነገር ግን መቀመጥ የማይችል ሽማግሌ የላከ ልጅ ትዳር ላይ ይቀመጣል ብዬ አላምንም። ደኅና ግቡ።»

ጀልባው ላይ የግሩም አጎት ውሃውን ውሃውን ያያሉ። አቶ ቢያዝን ከጀልባው አፍንጫ እስከ ሞተሩ ይመላለሳሉ፤ ነጂው «ጋሼ፣ ሊገለብጡን ነው!» ይላል። መሪጌታ በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ።

«ጠበል ተጠመቅ፣ አልከለክልህም። ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ካልሄድህ እኔው ራሴ ጎትቼ እወስድሃለሁ።»

በማግስቱ አቶ ቢያዝን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዱ። ያገኟት ሐኪም ዶክተር ሰሚሐ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የመስዑድ ልጅ። አባቷ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያውቋታል። አሁን ነጭ ካፖርት ለብሳ «ጋሽ ቢያዝን፣ ምን ሆኑብኝ?» ስትላቸው ደስም አላቸው፣ ትንሽም ግር አላቸው።

ሁሉንም ነገሯት። ቆጋን፣ ሚኒባሱን፣ ዘጌን፣ አምቦ ውሃውን።  ልክ የብርዙን ታሪክ ሲጀምሩ ሰሚሐ ስልኳን አወጣችና በጣቷ መጎርጎር ጀመረች።

አቶ ቢያዝን ንግግራቸውን አቆሙ። የዛሬ ልጅ! እኔ ክብሬ በብርዝ መታጠቡን ስነግራት እሷ ፌስቡክ ታያለች። የመስዑድ ልጅ እንዲህ ትሆናለች ብሎ ማን ያምናል? እያሉ በሆዳቸው ተናደዱ። ብድግ አሉ።

«እንግዲህ ጨዋታሽን ስትጨርሺ እመለሳለሁ።»

ሰሚሐ ቀና አለች። «ተነሡ? በጣም ጥሩ! አሁን ሲቆሙ ቀለል አለዎት?»

«...አዎ፣ ቀለለኝ።»

«እስቲ ይቀመጡ። አሁንስ?»

«ተመለሰ።»

«ሲመሽ ይብሳል? ጠዋት ላይ የለም?»

አቶ ቢያዝን ዓይናቸው ፈጠጠ። «አንቺ ልጅ፣ የሻሽወርቅ ደወለችልሽ እንዴ?»

ሰሚሐ ሳቀችና ስልኩን አዙራ አሳየቻቸው። ፌስቡክ አልነበረም። ሐኪሞች ለሐኪሞች የጻፉት፣ በየጊዜው የሚታደስ የሕክምና ማጣቀሻ ገጽ ነው። ከእንግሊዝኛው እየመለሰች አነበበችላቸው፤ እግርን ለማንቀሳቀስ የሚያስገድድ ስሜት፣ ሲያርፉ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚቀል፣ በማታ የሚበረታ። አቶ ቢያዝን አንገታቸውን አስግገው ሰሙ።

«ይኸን የጻፈው ሰው ከወንዛዬ ስመለስ መኪናው ውስጥ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«ስም አለው ሕመሙ፣ ጋሽ ቢያዝን። እረፍት የለሽ እግር ይሉታል። ብዙ ሰው አለበት።»

ስም ያለው መሆኑ ብቻ ግማሽ ፈውስ ሆነላቸው። ሆኖም አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ ከስልክ የምታነቢ ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ?»

«እርስዎ ማሽን ሲጠግኑ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አያዩም?»

«አያለሁ እንጂ! ሳያይ የሚፈታ ሰው ሲገጥም ብሎን ይተርፈዋል።»

«እኔም ብሎን እንዳይተርፈኝ ነው» አለች ሰሚሐ።

አቶ ቢያዝን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፤ ከዚያ በኋላ እሷ አንድ ገጽ በከፈተች ቁጥር እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አብረው ያያሉ፤ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም።

የሚውጡትን መድኃኒት ጠየቀቻቸው። የእንቅልፉን ክኒን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ስሙን ጻፈችና አነበበች። «ይኸ ራሱ የእግሩን ነገር ከሚያብሱት አንዱ ነው። ዛሬውኑ በድንገት አንጥለውም፤ መጠኑን እየቀነስን እናቆመዋለን።» ቡናስ? በቀን አምስት ስኒ። ከቀትር በኋላ እንዲቀር አለች። ጨጓራ ያምዎታል? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? የለም። ከዚያ ወደ ስልኳ እያየች «ደም ለግሰው ያውቃሉ?» አለች።

አቶ ቢያዝን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ይኸን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ቦርሳቸውን አወጡ፤ ከቦርሳው ካርድ አወጡ፤ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጃቸው አኖሩት።

«አርባ ስድስት ጊዜ» አሉ። «በዓመት አራት ጊዜ፣ ሳላዛንፍ። የምስክር ወረቀቱ ሳሎኔ ተሰቅሏል።»

ሰሚሐ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። አቶ ቢያዝን በአድናቆት መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ጋሽ ቢያዝን፣ ለጊዜው ማቆም አለብዎት።»

ፈገግታው ጠፋ። «ደሜ ምን ሆነ? በየጊዜው ጣቴን ወግተው ያዩታል፤ ሙሉ ነው ይሉኛል!»

«ሙሉ ነው። እነሱ የሚያዩት መሶቡን ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ጎተራውን ነው። በየሦስት ወሩ ከጎተራው እየዛቁ መሶቡን ሲሞሉ ኖረዋል። ጎተራው ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ይኸ እግር የሚነሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰውነት የብረት ክምችት ሲያልቅ ነው።»

ደማቸው ተቀዳ። ስኳርም፣ ኩላሊትም፣ ሰገራም ይታይ አለች፤ በእሳቸው ዕድሜ ብረት ሲያልቅ ልገሳው ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። የብረት ክምችቱ ግን አሥራ አንድ ነበር።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«እንደርስዎ ላለ እግር ከሰባ አምስት በላይ ቢሆን ይመረጣል።»

አቶ ቢያዝን አሥራ አንድ የሚለውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አዩት። በትምህርት ቤት ዘመናቸው እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥተው አያውቁም።

ይኼኔ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ይትባረክ ገቡ። ሽበታም፣ ብዙ ሰው ያዳኑ፣ የተከበሩ ሐኪም ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው «ቀላል ነው» አሉ፤ «ለፓርኪንሰን የሚሰጠውን መድኃኒት በትንሹ ጀምሪለት። እኔ ስማር አንደኛው ምርጫ እሱ ነበር።»

«ዶክተር፣ ተቀይሯል» አለች ሰሚሐ በትሕትና፣ ስልኩን እየዘረጋች። «መጀመሪያ ያሽላል፤ ሲቆይ ግን በሽታውን ራሱ ያባብሰዋል፣ ከማታ ወደ ቀን ያመጣዋል፣ ወደ ክንድም ያወጣዋል ይላል። አሁን መጀመሪያ ብረቱ ይሞላ ነው የሚለው።»

ዶክተር ይትባረክ መነጽራቸውን ወለወሉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «መቼ ነው የተቀየረው?»

«በቅርብ ዓመታት።»

«ለኔ ማንም አልነገረኝም!» አሉ፣ ያለ እሳቸው ስብሰባ የተደረገ ያህል ተቆጥተው።

ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቅዝቃዜ ገባ። አቶ ቢያዝን ወደ አንዷ አዩ፣ ወደ አንደኛው አዩ፤ የለመዱት ሥራ መጣላቸው። ብድግ አሉ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ። «እሳቸው በተማሩበት ጊዜ ልክ ነበሩ። አንቺ ዛሬ ልክ ነሽ። የተጻፈው ከተለወጠ ሰው ምን አጠፋ?»

ዶክተር ይትባረክ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ይኸን ገጽ ለኔም ላኪልኝ» ብለው ወጡ።

አቶ ቢያዝን የብረት ክኒናቸውን ይዘው ቤት ገቡ፤ አንድ ቀን እየዘለሉ በብርቱካን ጭማቂ፣ ከቡናና ከሻይ አርቀው እንዲውጡት ታዘዋል። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ከስልክ ካነበበ እኔስ ምን ያንሰኛል ብለው አሰቡ። ማሽን ይጠግኑ የለ?

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ የሻሽወርቅ አንሶላ ሲቀይሩ ከሥሩ ሦስት የገላ ሳሙና አገኙ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። አንዲት የካናዳ ሴት ጽፋ ነው። ሳሙና ከአንሶላ ሥር ያደረገ እግሩ ያርፋል አለች።»

«ሴትዮዋ ሐኪም ናት?»

«አላለችም። ግን አራት መቶ ሰው ወዶላታል።»

በአምስተኛው ቀን ነገሩ ከበደ። ከዶክተር ይትባረክ አፍ የሰሙትን ፓርኪንሰን የሚል ቃል ፈልገው በስልኩ እያስተረጎሙ አነበቡ፤ ሰውን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ ከፋብሪካው ሆነው ለሰሚሐ ደወሉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እችላለሁ። ፓርኪንሰን ነው ያለብኝ። እጄም ይንቀጠቀጣል።»

«አሁን ምን ይዘዋል በእጅዎ?»

«መሰርሰሪያ።»

«የሚሠራ?»

አቶ ቢያዝን መሰርሰሪያውን አዩትና አጠፉት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

ሰሚሐ በዚያው ቀን ማምሻ ላይ ጠርታ አስቀመጠቻቸው። ማንበብዎን አልከለክልም አለች፤ ግን ከማንበብዎ በፊት ማን እንደ ጻፈው ይዩ፤ መቼ እንደ ታደሰ ይዩ፤ ሊሸጥልዎ የሚፈልገው ነገር ካለ ይዝጉት፤ ሰዎች ከሥሩ ሐሳብ የሚሰጡበት ከሆነማ ጨርሶ አይግቡበት። የሐኪሞቹንም ገጽ ቢሆን ያለ ሐኪም ራስዎ ላይ አይተርጉሙት። ለበሽተኞች ተብሎ የተጻፈውን አንድ ገጽ አትማ ሰጠቻቸው፤ ከጎኑ በእጇ በአማርኛ ጽፋበታለች። አቶ ቢያዝን ወረቀቱን በላስቲክ አድርገው በመሣሪያ ሣጥናቸው ክዳን ላይ ለጠፉት። ሳሙናው ወደ መታጠቢያው ተመለሰ።

ደግነቱ ወረቀቱ አንድ ቀን ጠቀማቸው። አንድ ማለዳ ከመጸዳጃ ቤት ፊታቸው አመድ መስሎ ወጡና «የሻሽወርቅ፣ ጥቁር ነው» አሉ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን አንስተው ሐኪም ለመጥራት ሲነሡ አቶ ቢያዝን ወረቀቱ ትዝ አላቸው። ሣጥኑን ከፍተው አነበቡ፤ የሰሚሐ ጽሑፍ «ብረት ሲዋጥ ሰገራ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ» ይላል። እንዲያም ሆኖ ደወሉላት። አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀቻቸውና አረጋጋቻቸው።

እግሩ ግን በአንድ ሳምንት አልተሻለም። በሁለትም፣ በሦስትም። አቶ ቢያዝን ተስፋ ቆርጠው «ጎተራው ቀዳዳ አለው» ማለት ጀመሩ። ሰሚሐ ጎተራ በአንድ ቀን አይሞላም፣ ወራት ይፈልጋል አለቻቸው። የእንቅልፉ ክኒን ተቀንሶ ተቀንሶ ሲቆም ትንሽ ረገብ አለ። በሰባተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ምሽት ቴሌቪዥን እያዩ ሳለ ወይዘሮ የሻሽወርቅ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ተሰማቸው። ዜናው አልቆ፣ ድራማው ተጋምሷል፤ ባላቸው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ ነው፤ እግራቸው እንደ ተዘረጋ ነው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ደንገጥ ብለው በጣታቸው የባላቸውን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«ምነው?» አሉ አቶ ቢያዝን።

«ምንም። አለህ ወይ ብዬ ነው» አሉና ትራሳቸውን ሊያመጡ ተነሡ።

በሦስተኛው ወር ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ሆነ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ይኸን ሲሰሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ዘጌ ተሻግረው አቶ ባምላክን አነጋገሩ፤ ሰውየው ሕመምተኛ እንጂ ባለጌ አልነበረም አሉ። አቶ ባምላክ ካሰቡ በኋላ «እሺ፣ ይምጡ» አሉ። ያን ያህል ወር ግሩምና ዜማ በስልክ ብቻ ሲተዛዘኑ ነበር የከረሙት።

ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲሻገሩ አቶ ባምላክ ንግግራቸውን ሆን ብለው ነው ያስረዘሙት፤ በኋላ ራሳቸው አምነዋል። ከዘር ሐረጋቸው ጀመሩ፤ ከአባታቸውም ከእናታቸውም ወገን። የቡና ዛፎቹን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የተከላቸውን ሰው ስም ጨመሩ። የሞተር ጀልባ መቼ ወደ ዘጌ እንደ መጣ አወሩ። ዓይናቸው ከአቶ ቢያዝን እግር አልተነቀለም። ብርሌዎቹ ሁሉ በጥንቃቄ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ሞላ። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ጠለቀች። የግሩም አጎት እንቅልፍ ወሰዳቸው። አቶ ቢያዝን ግን ድንጋይ ሆነው ተቀመጡ።

አቶ ባምላክ በመጨረሻ ድምፃቸው ሰለለ። «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ተነሡና እንመራረቅ።»

ሁሉም ተነሣ፤ አቶ ቢያዝን ሲቀሩ።

«ተነሣ እንጂ!» አሉ መሪጌታ በጭንቀት።

«አልችልም።»

«ደግሞ ምን ሆንህ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ አላነቃነቅሁትም። ደንዝዟል። ሁለቱም።»

ሁለት ሰው በብብታቸው ገብቶ አነሣቸው፤ ምርቃቱን በተሸካሚ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ነው የመረቁት። አቶ ባምላክ ከልባቸው ሲስቁ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የዜማ እናት ወይዘሮ እናትዓለም አቶ ቢያዝንን ወደ ጎን ጠሯቸው። ሕመሙ እንዴት ያደርግዎ ነበር ብለው ጠየቁ። አቶ ቢያዝን ሲነግሯቸው ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እሳቸውም በየማምሻው ቡናው መሀል ለመሀል ሲዞሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሁልጊዜ «የኔ ሚስት ቡናዋን ስትወድ!» እያሉ ለእንግዳ ሲመኩባቸው ኖረዋል፤ እሳቸውም ደስ እንዲላቸው ብለው እውነቱን አልነገሯቸውም።

«ብረት ነው!» አሉ አቶ ቢያዝን። «ብርቱካን ይግዙ!»

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ እናትዓለምን ራሳቸው ይዘው ክሊኒክ ሄዱ። ከሐኪሟ ክፍል ገብተው ማስረዳት ሲጀምሩ ሰሚሐ በትሕትና ግን በጽኑ ወደ ውጭ መራቻቸው። የወይዘሮ እናትዓለም ብረት ሲለካ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ብረት አልተሰጣቸውም፤ ሰሚሐ አንብባ፣ ከዶክተር ይትባረክ ጋር ተማክራ ሌላ መድኃኒት በትንሹ ጀመረችላቸው። አቶ ቢያዝን ይኸን ሲሰሙ ትንሽ ከፋቸው፤ በብርቱካኑ እርግጠኛ ነበሩ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። አቶ ቢያዝን ዛሬም ክኒናቸውን በሐኪማቸው ትእዛዝ ይወስዳሉ፤ ደማቸውንም በየጊዜው ያስመረምራሉ። አንዳንድ ምሽት፣ በተለይ ሲደክማቸው፣ እግራቸው ይነሣባቸዋል። ያኔ ኩታቸውን ይደርቡና ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው እስኪበርድላቸው ይሄዳሉ። ወይዘሮ የሻሽወርቅም ደስ ካላቸው አብረው ይወጣሉ፤ ካልሆነ ደግሞ አልጋውን ለብቻቸው ተንሰራፍተው ይተኙበታል።